ዛሬ ስንት ተሰበረ?

ሽማግሌው በመጀመሪያው ቀን በእርጥብ ፎጣ ፊቴን አጮሉት። ቀልድ አይደለም፣ ጆሮዬ ጭው አለ። ሃያ ዓመት ኦክላንድ ውስጥ ታክሲ ስነዳ፣ ስንቱን ሰካራም ደግፌ በሩ ድረስ ሳደርስ፣ አንድም ቀን የሰው እጅ አርፎብኝ አያውቅም። ኬርጊቨር፣ የሽማግሌ አስታማሚ ሆኜ በገባሁ በመጀመሪያው ሰዓት ግን፣ እዚያው ኦክላንድ አጠገብ ኤል ሴሪቶ ውስጥ፣ የሰማንያ ስድስት ዓመት አዛውንት ሻወር ቤት ውስጥ እንደዚያ ተቀበሉኝ።

ልጃቸው አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ሳን ሆሴ ነው የሚኖረው፣ የኮምፒውተር ሥራ ነው የሚሠራው፣ ሲያወራም ሰዓቱን እያየ ነው። «አባቴ ከስትሮኩ ወዲህ ብቻውን መታጠብ አይችልም። ሰው ሲያጥበው ደግሞ ይደባደባል። ሁለት ኬርጊቨር አባሯል፣ ቆዳው መቁሰል ጀምሯል። እስከ ገና ካልተስተካከለ መጦሪያ ፋሲሊቲ አስገባዋለሁ፤ እዚያ እኔው ሰፈር አልጋ ይዤለታለሁ» አለኝ። ሽማግሌው ሶፋው ላይ ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር። ቤቷን የገዟት ከሟች ሚስታቸው ጋር ነው፤ ጓሮ ያለችውን የፕለም ዛፍም አብረው ነው የተከሏት። ከዚያች ቤት ከሚወጡ ሞታቸውን እንደሚመርጡ ፊታቸው ያስታውቃል።

እኔ ደግሞ ሥርዓት አዋቂ ነኝ ባይ ነኝ። የኖኅ ልጅ ካም የአባቱን እርቃን አይቶ ስቆ ምን እንደመጣበት እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። አባቴ የሚሆኑ ሰው ራቁታቸውን ሲሆኑ ዓይኔን ወዴት ላድርገው? ስለዚህ ወንበራቸው ላይ አስቀምጣቸውና በፎጣ እጋርዳለሁ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ፤ እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ በዳበሳ አሻለሁ። ትንፍሽ አልልም። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

እሳቸው ደግሞ ዝም ባልኩ ቁጥር ይብስባቸዋል። በአገራቸው ቋንቋ ይጮኻሉ፣ ይራገጣሉ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነብኝ። ቤቴ ገብቼ «ልተወው ነው» አልኳት ሚስቴን።

«አይ ያንተ ነገር!» ብላ ሳቀችብኝ። «ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ለፓርኪንግ ስትከራከር ማን ይችልሃል? አሁን አንድ ሽማግሌ አሸነፈህ?»

እልህ ያዘኝ። ሰኞ ተመለስኩ።

የዚያን ዕለት ምሳ ላይ ውሃ በብርጭቆ ሰጠኋቸው። አልጠጡትም። በደህናው እጃቸው ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሱት፣ ጎንና ጎኑን አዩት፣ ጠርዙን በጥፍራቸው ኳ አደረጉት። ከዚያ ፊታቸውን አጨፈገጉ።

«የማሽን ሥራ ነው፤ ሲመቱት አይጮኽም። ደንቆሮ ብርጭቆ» አሉኝ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው።

ብርጭቆም ይደነቁራል እንዴ? «እርስዎ ብርጭቆ ሠሪ ነበሩ?» አልኳቸው። ለካ ይህን የሚጠይቃቸው ሰው ከጠፋ ዘመን ሆኖታል፤ ምሳው እስኪቀዘቅዝ አወሩኝ።

ከተማቸው ባልካን ውስጥ ነች፣ ድሮ ዩጎዝላቪያ ይባል በነበረው አገር፣ ሁለት ተራራ መሐል። መጀመሪያ የመጡት ድንጋይ ከሰል ፈላጊዎች ናቸው፤ አያታቸው አንዱ ነበሩ። ሲቆፍሩ ሲቆፍሩ በከሰሉ ፈንታ ፍል ውሃ መቱ። ውሃው ጉድጓዱን አጥለቀለቀው፣ ሰዎቹም አካፋቸውን ጥለው እግሬ አውጪኝ አሉ። በሳምንቱ ግን ወገቡን የሚያመው ሁሉ ልብሱን አውልቆ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ተዘፍዝፎ ተገኘ። ቆይቶ ጉልላት ያለው መታጠቢያ ቤት ተሠራ፣ ከዚያ ደግሞ ብርጭቆ ፋብሪካ መጣ። ጠዋት ጠዋት ከዋና ከተማው የመጡ ሪህ ያለባቸው እንግዶች፣ ሐኪም ያዘዘላቸውን ውሃ ፋብሪካው በሠራው ባለጆሮ ብርጭቆ እየተጎነጩ መናፈሻው ውስጥ ይንሸራሸራሉ። ነጭ ልብሳቸው ላይ የፋብሪካው ጥላሸት ይራገፍበታል፤ የከተማው ሰው ቆሞ ይስቃል። ከሰዓት በኋላ ተራው የሠራተኛው ነው፤ ሺፍቱን ጨርሶ እስከ አገጩ ውሃው ውስጥ ይገባል።

«እኛም ጋ እኮ አለ!» አልኳቸው። «አዲስ አበባ መሐል ከተማ ላይ፣ ፍልውሃ የሚባል። ወረፋ ጠብቀን ገብተን፣ ገና ሳሙናው ዓይናችን ውስጥ እንዳለ በሩ ይደበደባል። ‹ሰዓት አልቋል!›»

ሳቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። «እኛ ጋ የምንጮኸው እኛው ነን» አሉ። «መጨረሻ የገባውን ሰው ገንዳው ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠይቀዋል፤ ‹ዛሬ ስንት ተሰበረ?› መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ‹አንድም!› ከዚያ ሁላችንም ‹ውሸታም!› እንላለን። ብርጭቆ የማይሰበርበት ቀን አለ እንዴ?»

አገሩ ሲበታተን ፋብሪካው ተዘጋ። በመጨረሻው ቀን ሠራተኞቹ እንደ ልማዳቸው ገንዳው ውስጥ ገቡ። መጨረሻ የደረሱት እሳቸው ነበሩ። «ስንት ተሰበረ?» ተባሉ። «ሁሉም» አሉ። ውሸታም የሚል ሰው ጠፋ።

«ፋብሪካውን ዘጉት። ውሃውን ግን ማን ይዘጋዋል?» አሉኝ። «ዛሬም ይፈሳል። ሴቶቹ ምንጣፍ ያጥቡበታል።»

ከዚያ ብርጭቆውን አስቀምጠው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። «በእኛ ከተማ በዝምታ የሚታጠብ ሬሳ ብቻ ነው። አንተ ፊትህን አዙረህ፣ አፍህን ዘግተህ በየቀኑ ትገንዘኛለህ። እኔ ደግሞ አልሞትኩም እያልኩ እጮህብሃለሁ።»

ክው አልኩ። ወይ ጉድ! ጨዋ የሆንኩ መስሎኝ ሰውየውን በቁማቸው ስገንዛቸው ከርሜያለሁ። በጣም አፈርኩ። ምን ላድርግ፣ የካምን ነገር አንድ በአንድ ነገርኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁና አማተቡ። «ካም ቢያንስ ይስቅ ነበር» አሉኝ።

በማግስቱ እጅጌዬን ሰብስቤ በርጩማ ስቤ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። «ዛሬ ስንት ተሰበረ?» አልኩ በጩኸት፣ እሳቸው ባስጠኑኝ በአገራቸው ቋንቋ። «አንድም!» አሉ። «ውሸታም!» አልኩ። ጎረቤት ምን ይላል? የፈለገውን ይበል! ጀርባቸውን እያሸሁ የቴሌግራፍ ጎዳናን የሐበሻ ወሬ እነግራቸዋለሁ፤ ማን ሬስቶራንቱን እንደሸጠ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ። እሳቸው የፋብሪካውን ይነግሩኛል። በሁለት ሳምንት ቁስሉ ደረቀ፤ ቁስሉን ልታይ የምትመጣው ነርስ እንኳ ገረማት።

ልጅየው ግን እፎይ አላለም። «አንተ በሌለህበት ቀን ማን ያጥበዋል? እኔን አያስነካኝም። ለአንድ ሰው ብቻ እሺ የሚል አባት ብቻውን ቤት ሊኖር አይችልም፤ አልጋውን አልለቅም» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዚያ ከተማ ሲወጡ ስድስት ዓመቱ ነበር። አባቱ በቋንቋቸው ሲጠይቁት ይሰማል፣ የሚመልሰው ግን በእንግሊዝኛ ነው። የእኔም ልጅ እንደዚያው ስለሆነች አልፈረድኩበትም።

የገና ዕለት ሥራ አልገባሁም። የእነሱም ገና ከእኛ ጋር አንድ ቀን ነው የሚውለው፤ ልጅየው እሱ ሊውልላቸው ከሳን ሆሴ መጣ። እኔ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ዶሮው ሊቀርብ ሲል ስልኬ ጮኸ።

«እምቢ አለ። በፎጣ መታኝ» አለኝ ልጅየው። ከኋላው ውሃው ሲንሿሿ ይሰማኛል። «በቃኝ፤ ነገ እወስደዋለሁ።»

«ፊትህን አዙረሃል?» አልኩት።

«አዎ። አባቴ እኮ ነው፣ አፍራለሁ።»

«አባትህማ ስለሆኑ ነው! ወደሳቸው ዙር! ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገህ አስቀምጠውና ‹ዛሬ ስንት ተሰበረ?› በላቸው፣ በቋንቋችሁ።»

ስልኩን ሲያስቀምጠው ኳ ሲል ሰማሁ። ሚስቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቆማ ታየኛለች። ከዚያ ጠየቃቸው፣ እየተንተባተበ።

«አንድም!» አሉ ሽማግሌው።

ያኔ ነው የደነገጥኩት። ቀጥሎ ያለውን ቃል አልነገርኩትማ! እኔው በስልክ ልጮህላቸው አፌን ስከፍት ልጅየው ቀደመኝ። «ውሸታም!» አለ በቋንቋቸው፣ ከእኔ በተሻለ አጠራር፣ ቤቱን በሚያናውጥ ድምፅ። ሽማግሌው ሲስቁ፣ ሲያስላቸው፣ መልሰው ሲስቁ ሰማሁ። እኔን ስለረሱኝ ስልኩን ዘጋሁት።

ልጅየው የመጦሪያውን አልጋ ለቀቀው። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያጥባቸው እሱ ነው። አንድ ቀን በር ላይ ስንገናኝ «ያንን ቃል ከየት አመጣኸው?» አልኩት።

«ልጅ ሆኜ አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎ ገንዳው ውስጥ ይዞኝ ይገባ ነበር» አለኝ። «ያ ሁሉ ሰው አባቴን ውሸታም ሲለው የሰደቡት እየመሰለኝ አለቅስ ነበር።»

«የገና ዕለትስ?»

«የገና ዕለትም አለቀስኩ።»