የዓርብ ምርጊት

የእርጥብ እበት ሽታ ነው የሚመልሰኝ። አብረን የሠራነው የመጨረሻ ተራ ሥራ ምርጊት ነበር። እዚህ ካርቱም፣ ማዮ ሰፈር ውስጥ ሰዉ ሁሉ ክረምት ሳይገባ እንደሚያደርገው፣ ጭቃውን ከእበትና ከጭድ ጋር አቡክተን እስኪኮመጥጥ ትተነው ነበር። ባለቤቴ መሰላል ላይ ሆኖ ግድግዳችንን በመዳፉ ይመርጋል፣ እኔ ከታች አቀብለዋለሁ።

«ጭቃው ቀጥኖብሻል» አለኝ።

«ክንድህ ደክሞ ነው» አልኩት። ሳቀ።

በማግስቱ ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ ተኩስ መሀል ገባ፤ በሕይወት አልተመለሰም። ጦርነቱ ሰፈራችን ከደረሰ ገና ብዙ አልቆየም ነበር።

እህቴ፣ ይህን ስጽፍልሽ ጎረቤቶች ጭቃ እያቦኩ ነው። ሽታው በመስኮት ገብቶ ወደ አንድ የድሮ ዓርብ ይወስደኛል።

ያኔ ወጣት ነበርኩ፤ ከተጋባን ዓመት አልሞላንም። እኔ አል-ጣኢፍ የሚባል ሰፈር ሰው ቤት እሠራ ነበር፣ የእሱ ሥራ ምርጊት ነው። ዓርብ ሁለታችንም ስለምናርፍ ጉባኤ እንሄዳለን። ከአገር ቤት አዲስ የመጣ ሰባኪ ነበር፤ ነጭ ሸሚዙ ላይ የካርቱም አቧራ አያርፍም። «የእግዚአብሔርን መንግሥት ለመሥራት እጃችሁን አምጡ» አለ። ሴቶቹ አለቀሱ። እኔ እጁን አየሁ። ለስላሳ ነበር።

ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ከጉባኤ አብሮኝ መመለስ ተወ። ንጹሕ ሸሚዝ በፌስታል ይዞ ይሄዳል፣ ሲመሽ ጥፍሩ ሥር ጭቃ ይዞ ይመጣል።

«የት ዋልክ?»

«ሥራ።»

«የማን?»

«የእግዜር።»

«እግዜር ሀብታሞቹ ሰፈር ካፉሪ ላይ ቪላ ጀመረ እንዴ?» ብዬ አሾፍኩበት። ሆዴ ግን አልሳቀም። ወይ ሰባኪው ቤቱን በነጻ እያስመረገው ነው፣ ወይ ጭቃው ሰበብ ነው፤ ሸሚዙ ለሌላ ሴት ነው። ሌላ አልታየኝም።

አንድ ዓርብ በጠራራ ፀሐይ ቶብ እንደ ሱዳን ሴት ተከናንቤ ተከተልኩት። ከጉባኤው አዳራሽ ጀርባ ወዳለው ጠባብ መንገድ ታጠፈ። ከማየቴ በፊት እበቱ ሸተተኝ። ግማሹ በተናደ ግድግዳ ላይ ባለቤቴ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ ጭቃ ይመርጋል። ከኑባ ተራሮች ተፈናቅለው የመጡ አንዲት ሙስሊም አሮጊት ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭቃ ይረግጣሉ። ሰፈሩ ሁሉ ሐቦባ ይላቸዋል፣ አያቴ እንደማለት ነው።

«ሰባኪውስ?» አልኩት፣ ሰላም እንኳ ሳልል።

«ባለፈው መጥቶ ነበር። አዳራሹን ትተህ እዚህ ምን ትሠራለህ ብሎኝ ሄደ።»

«አንተስ ምን አልከው?»

«አዳራሹ ጡብ ነው፣ ዝናብ አያፈርሰውም አልኩት።»

ሐቦባ ከእግሬ እስከ ራሴ ቃኙኝና በዐረብኛ «ባልሽን ልትይዥ መጣሽ?» አሉኝ። «ያላ፣ ከመጣሽ አይቀር ጫማሽን አውልቂ!»

አወለቅሁ። ጭቃው ከላይ የሞቀ፣ ከሥር የቀዘቀዘ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ባለቤቴ ታጠበና ሚስማር ላይ የሰቀለውን ሸሚዝ ለበሰ፤ ከሐቦባ ጋር ሻይ ሊጠጣ። «ሰው ቤት በጭቃ ልቀመጥ?» አለኝ።

እንዲያም ሆኖ ስንመለስ «ይህ ነው የእግዚአብሔር መንግሥት?» ብዬ ነዘነዝኩት።

«እኔ ምን አውቃለሁ» አለ። «ዝናቡ ይምጣና እናያለን።»

ዝናቡ መጣ። ግድግዳው ቆመ። ባለቤቴም ከዚያ ወዲህ አንድም ክረምት አልዘለለባቸውም።

ሰባኪው ጦርነቱ ሲጀመር ከአገር ወጣ። ዛሬም ድምፁን በስልክ ይልክልናል፣ ዛሬም «እጃችሁን አምጡ» ይላል። እስከ መጨረሻው ሰምቼው አላውቅም። ባሌን የምጠረጥርበት አንድ ዓርብ ግን ቢመለስልኝ እወድ ነበር።

ሐቦባ አልሄዱም፣ ጉልበታቸው ከድቷቸዋል። ክረምቱ ሲቃረብ ዓርብ ዓርብ ግድግዳቸውን እኔ እመርጋለሁ። ስሄድ ንጹሕ ቀሚስ በፌስታል እይዛለሁ።