በጓሮ በር የወጣችው ሐውልት

ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ሆላንድ አገር፣ ዴንሃግ ከተማ ውስጥ በምመራው የማዘጋጃ ቤት ቅርንጫፍ አዳራሽ፣ የክት ልብሴን ለብሼ ስጦታ ለመቀበል ቆሜአለሁ...

ስጦታው የእንጨት ሐውልት ነው። በአንድ እጇ ባልዲ የያዘች፣ በሌላው የካፖርቷን ቁልፍ የምትቆልፍ ሴት። ያበረከቱልን የስኪልደርስዋይክና የትራንስቫል ሰፈሮች ሐበሾች ሽማግሌዎች ናቸው፤ በስደት መጥተው የዚህን ከተማ ቢሮዎች ሲያጸዱ ለኖሩ እናቶች መታሰቢያ እንዲሆን።

የቀረጹት ጋሽ ተክሌ ናቸው። አስመራ ተወልደው፣ አማርኛውን አዲስ አበባ በአናጢነት ሲሠሩ የተማሩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ያሉ ሰው። ሐውልቷ ባለቤታቸውን ትመስላለች። ነፍሳቸውን ይማርና፣ እማማ ለተብርሃን ይህንኑ ሕንፃ ለዓመታት አጽድተዋል።

ሥነ ሥርዓቱ ሳይጀመር ጋሽ ተክሌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ እሷ እዚህ የምትገባው ሁልጊዜ ሳይነጋ፣ በጓሮ በር ነበር። ዛሬ በፊት በር፣ ሰው እያያት ገባች። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ዓይኔ እንዳያሳብቅብኝ መነጽሬን አውልቄ ጠረግሁ።

ንግግሬን በሆላንድኛ አደረግሁ። መጨረሻ ላይ ግን ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሬ፣ እናቴ እንዳሳደገችኝ፣ በአማርኛ ጨመርሁ።

«ምነው እንዲህ ተቸገራችሁ? ይህ ለእኛ ይበዛብናል። እናንተው ዘንድ ብትቀመጥ ይሻል ነበር።»

ጋሽ ተክሌም የጨዋ ልጅ ናቸውና እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው መለሱ። «ኧረ ምንም አይደል። ቦታ የምታጣብብ ከሆነ ደግሞ ችግር የለም፣ እንወስዳታለን።»

ሽማግሌዎቹ በመርካት ራሳቸውን ነቀነቁ። በእኛ ደንብ ስጦታው በወጉ ተሰጠ፣ በወጉም ተቀበልን።

ከኋላ የቆመው የሕንፃችን ኃላፊ ሳንደር ግን ሆላንዳዊ ነው። የጋሽ ተክሌ ልጅ ሳባ አጠገቡ ሆና የምንለውን ሁሉ ትተረጉምለት ነበር። አንዲት ቃል አላዛባችም። ጉዱ የመጣውም ከዚያ ነው።

በጎን ካለው ክፍል ድፎ ዳቦ ቀምሰን፣ ፎቶ ልንነሣ ወደ አዳራሹ ስንመለስ... መቆሚያዋ ባዶ ነው።

«ሳንደር፣ ሐውልቷስ?»

«ተመልሳለች» አለ፣ ሥራውን በጊዜ እንደጨረሰ ሰው ደስ ብሎት። «አንቺ በዛብን አልሽ፤ እሳቸው እንወስዳታለን አሉ። ከተስማማችሁ ብዬ መኪናቸው ላይ አስጫንኋት።»

«በየት በኩል?»

«በጓሮ በር። እዚያ ደረጃ የለም።»

ጋሽ ተክሌን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ «ይሁን እስቲ...» አሉ፤ «ያንን በር እንደሆነ ለምዳዋለች።»

ሳባ አባቷን ክንዳቸውን ያዘቻቸው። «አባዬ፣ አንተም እኮ እንወስዳታለን ብለሃል። አንቺም በዛብን ብለሻል። እዚህ አገር ሰው የሚጠየቀው አንዴ ነው።»

በሥራ ዘመኔ ከባድ ከባድ ድርድር ላይ ተቀምጫለሁ። እንደዚያች ቅጽበት የከበደኝ ግን የለም። በመጨረሻ ይሉኝታዬን ዋጥ አድርጌ፣ በአማርኛ እንደ ሆላንዳዊ ተናገርሁ።

«ጋሼ፣ እፈልጋታለሁ። እዚሁ ትቁምልኝ። ይስጡኝ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ተክሌ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«እንግዲህ... እናንተን ካላስቸገርን...»

«ጋሼ፣ በእግዜር፣ እሺ ብቻ ይበሉኝ።»

«እሺ፣ ልጄ።»

ሳንደር ሐውልቷን ከመኪናው አውርዶ ወደ ጓሮው ሲያመራ ክንዱን ያዝሁት። የፊቱን ደረጃ እሱ በራስጌዋ፣ እኔ በግርጌዋ ሆነን ተሸክመናት ወጣን። ጋሽ ተክሌ በሩን በሁለት እጃቸው ከፍተው ያዙላት። ደጃፉ ላይ ጉዳያቸውን ሊያስፈጽሙ የተሰለፉ ሰዎች ገለል እያሉ አሳለፏት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሳንደር ሻይ ሲያቀርብልኝ ሦስት ጊዜ ይለምነኛል... እኔ ደግሞ በመጀመሪያው እሺ ማለት ስለጀመርሁ፣ የቀሩትን ሁለቱን የሚለምነኝ ሲኒው እጄ ላይ ሆኖ ነው።