የሰማያዊው ሙዳይ ስባሪ

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ቢኖር ቅጽ ላይ ስሜን ነው። ይህን የምጽፈው በአፌ ስናገረው ስላልሆነልኝ ነው።

ሥራዬ አዛውንት መንከባከብ ነው። ከምኖርበት ሰፈር ከሬኒየር ቢች በባቡር ሄጄ ኮሎምቢያ ሲቲ የሚባል ሰፈር እወርዳለሁ። እንከባከባቸው የነበሩት ሰው ፒያሳ ተወልደው ያደጉ አርመን ናቸው። አባታቸው ወርቅ ሠሪ ነበሩ፤ እሳቸውም እዚህ ፈረንጅ አገር መጥተው ዕድሜያቸውን ሙሉ የድሮ የወርቅ ሙዳዮችን ሲጠግኑ ኖረዋል። ዓይናቸው ደክሞ ጥላ ብቻ ነበር የሚያዩት። አማርኛቸው ግን ከእኔ ይበልጥ ነበር፤ እኔ ብዙ የምናገር ሰው አይደለሁም።

«ዛሬ ስንት ቃል ይዘሽ መጣሽ?» ይሉኛል በሩን ስከፍት።

«ሁለት፣ አባባ።»

«በይ ቆጥቢያቸው፣ ለምሳ ያስፈልጉሻል።»

ከሙዳዮቹ ሁሉ ለራሳቸው ያስቀሩት አንድ ነው። መዳፍ ውስጥ የሚገባ፣ ክዳኑ ሰማያዊ። የፈረንሳይ ጌቶች ሱረት፣ በአፍንጫ የሚሳብ ትምባሆ፣ ይይዙበት ነበር አሉኝ። ሰማያዊው ቀለም አይደለም፤ መስታወት ነው። መስታወቱን እንደ ዱቄት ይፈጩታል፣ ውሃው እስኪጠራ ያጥቡታል፣ በላባ ጫፍ ወርቁ ላይ ያነጥፉትና እሳት ውስጥ ይከቱታል። ትንሽ ከዘገየ ወርቁ ራሱ ይቀልጣል፤ ቶሎ ከወጣ መስታወቱ አይይዝም። ከመስታወቱ ሥር ወርቁ ላይ የተቀረጹት መስመሮች ሲታዩ እንደ ውሃ ይንቀሳቀሳሉ።

ሠሪዎቹ ከሞቱ ሁለት መቶ ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸው ግን የሚያወሩት እንደ ጎረቤት ነበር። «ይሄን የቀረጸው ግራኝ ሰው ነው፤ ክዳኑን የገጠመው ደግሞ ኩሩ ሰው። ሲዘጋ ስሚው!» ይሉኛል። ሲዘጋ የሚሰማው ትንፋሽ ያህል ብቻ ነው። ወርቁን በሜርኩሪ አሟሙተው ይቀቡ የነበሩት በመርዙ ጥርሳቸው ረግፎ፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እንደሞቱም ነግረውኛል።

የክዳኑን አንድ ጥግ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ሙዳዩን ሲገዙት ያ ጥግ ተሰብሮ ነበር፤ ሰማያዊውን ለማመሳሰል አንድ ክረምት ፈጅቶባቸዋል። «ከእነሱ ሥራ የእኔን ማንም አይለየውም» ይላሉ። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ያንን ጥግ በአውራ ጣታቸው ይዳስሱ ነበር። አንዳንዴ ፊት ለፊታቸው ወዳለው ባዶ ወንበር፣ ሠሪዎቹ እዚያ የተቀመጡ ይመስል፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው «ቀስ በይ፣ እየሠሩ ነው» ይሉኛል። ስቄ አላውቅም። እኔም ያንን ወንበር ራቅ ብዬ ነበር የማልፈው።

አንድ ቀን አብራቸው የምትኖረው ሴት ልጃቸው እንግዶች ጠራች። ሙዳዩን በደረቅ ጨርቅ ብቻ አብሺው ተብያለሁ። ግን ክዳኑ ላይ የጣት ቅባት አየሁ፤ እኛ ቤት ደግሞ ብርጭቆ የሚጠራው በፈላ ውሃ ነው። እሳቸው ሸለብ ሲያደርጋቸው በፈላ ውሃና በሳሙና አጠብኩትና ቀዝቃዛውን ቧንቧ ከፈትኩበት። በረዶ ለስላሳ ውስጥ ሲገባ እንደሚለው ያለ ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ምስር የምታህል ሰማያዊ ነገር ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ ወደቀች። እሳቸው ከሠሩት ጥግ። በወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት፤ ሙዳዩን አድርቄ ቦታው መለስኩት።

ከሰዓት አውራ ጣታቸው ጥጉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ቆመ።

«ወድቆ ነበር?»

«አልወደቀም።» እውነት ነው፤ አልወደቀም።

«ማንም አልነካውም?»

«ማንም።»

ሙዳዩን ጭናቸው ላይ አኖሩት። «እንግዲያው እሳቱ ነው» አሉ። «ቶሎ አውጥቼዋለሁ።»

እኔ የፈራሁት ቁጣቸውን ነበር፤ ሥራዬን ማጣትን። ይሄ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጠገኗቸውን ሙዳዮች ሁሉ ያነሱ ጀመር፤ አረንጓዴውን፣ ወፍ ያለበትን፣ የንግሥት ፊት ያለበትን። «ያም ተሰንጥቆ ይሆናል» ይላሉ። ቃሌን መቁጠር ተዉ። ሾርባውን ሁለት ማንኪያ ቀምሰው ይገፉታል። ለባዶው ወንበር ጀርባቸውን ሰጥተው መቀመጥ ጀመሩ።

«ወደ መስኮቱ ላዙርዎት፣ አባባ?»

«ተዪኝ። ምን ብዬ ነው ፊታቸው የምቀርበው?»

ልጃቸው ወደ ሥራ ስትጣደፍ በር ላይ ያዘችኝ። «ሶ፣ ዛሬም አልበላም? ምን ሆኖ ነው? ለአንቺ የነገረሽ ነገር አለ?»

«የለም» አልኳት።

«ኦኬ፣ የሆነ ነገር ካለ ኮል አድርጊልኝ።»

ስባሪዋ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። ባቡር ውስጥ ቦርሳዬን ጭኔ ላይ ሳስቀምጠው ይከብደኝ ነበር። እቤቴ እጄን ስታጠብ ያ ድምፅ ይሰማኛል። አሁንም ይሰማኛል፤ ቧንቧ ከፍቼ ቆሜ አዳምጣለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ከአልጋ መነሳት አቃታቸው። አጠገባቸው ተንበርክኬ ወረቀቱን ፈታሁና ስባሪዋን መዳፋቸው ላይ አደረግኳት። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የፈላውን ውሃ፣ ሳሙናውን፣ ቧንቧውን፣ ውሸቴን። በሕይወቴ በአንድ ጊዜ ያን ያህል ተናግሬ አላውቅም።

«እሳቱ አይደለም፣ አባባ። እኔ ነኝ።»

ስባሪዋን በሁለት ጣት አገላበጧት። የድሮው ፈገግታቸው መጣ፤ ያኔ ልቤ ቅልል አለኝ።

«ዛሬስ ቃል በዛ» አሉ።

«እውነቴን እኮ ነው!»

ስባሪዋን መልሰው እጄ ውስጥ አስገቡና ጣቶቼን አንድ በአንድ አጠፏቸው። በማግስቱ ስመጣ አንደበታቸው ተዘግቶ ነበር፤ ሳምንቱ ሳያልቅ አረፉ። ስባሪዋ ዛሬም እኔ ጋ ናት። ከእሳቸው የሰማሁት የመጨረሻው ነገር ያኔ ጣቶቼን እያጠፉ ያሉኝ ነው፦

«ደግ ልጅ ነሽ። ግን ለእኔ ብለሽ አትዋሺ።»