ጉርሻ የለመደች ላም

በሕይወቴ ከዋሸኋቸው ውሸቶች ሁሉ ትልቁን የዋሸሁት ቀኝ እጄን እስከ ብብቴ ድረስ ላም ውስጥ ከትቼ ነው። ለመዋሸት የማይመች ቦታ ነው፤ ግን አማራጭ አልነበረኝም።

ሶዶ ከተማ፣ አንድ ቢሮ ውስጥ የእንስሳት መኖ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ በአብዛኛው ሌሎች ባለሙያዎችን ማሠልጠን ነው። እነሱም ሌሎችን ያሠለጥናሉ፤ ላሟ ጋ የሚደርስ ሰው ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ወላጆቼ ሁምቦ ገጠር ይኖራሉ። እዚያ "ዶክተር" ይሉኛል። አይደለሁም ብዬ ዓመታት ተከራከርኩና ሰለቸኝ።

በወላጆቼ ቤት ከብት ሁለት ማዕረግ አለው። በሬው የአባቴ ነው፣ ላሟ የእናቴ። ሁለቱም ከሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር ጎን ለጎን ታስረው ያድራሉ፤ መብታቸው ግን ለየቅል ነው። በሬው ለበዓል ገበያ ስለሚቀለብ አባቴ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ የተቀቀለ ስኳር ድንችና በቆሎ እየጠቀለለ በእጁ ያጎርሰዋል። እያጎረሰም ያጫውተዋል። እኔ የአባቴን ጉርሻ የቀመስኩት አንድ ቀን፣ የተመረቅኩ ዕለት ነው፤ እሱም ለፎቶ። ላሟ ደግሞ ከበሬው የተረፈውን ትበላለች። ካልተረፈ የበቆሎ አገዳ ታኝካለች። ከዚያ ወተት፣ ቅቤና ጥጃ ይጠበቅባታል።

በዚያ ዓመት ዳለቻዋ ላም ጭንቅ ላይ ነበረች። የመጨረሻው ጥጃዋ ደካማ ሆኖ ተወልዶ፣ ለመቆም ሲንገዳገድ ሰንብቶ በሦስተኛው ቀን ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ከዓመት በላይ ኮርማ አልፈለገችም። አባቴ "መክናለች" ብሎ ፈረደ። ዳለቻዋ፣ አያቴ ለእናቴ ለትዳር ስትወጣ ከሰጠቻት ጊደር ዘር የቀረች የመጨረሻዋ ላም ናት። ሌሎቹ ታርደዋል፣ ተሸጠዋል፤ አንዷም በእኔ ትምህርት አልቃለች። ዳለቻዋ ካልወለደች ዘሩ እዚያ ላይ ያበቃል።

"አልመከነችም፣ ተርባለች" አልኳቸው። ለራሷ ያልበቃች ላም ሌላ ነፍስ ልትጨምር አታስብም። ቅባት ያለው መኖ ጥቂት ጥቂት ብታገኝ ኮርማ ለመፈለግ ይረዳታል። ካረገዘችም በኋላ፣ ለመውለድ ሁለት ወር ሲቀራት ቢደገምላት ጥጃው ብርድ የሚችል፣ ቶሎ የሚቆም ይሆናል። ተፈጭቶ የመጣ ተልባ አስቀመጥኩላቸው። በቀን ሁለት እፍኝ፣ ከዚያ ካለፈ ሆዷ ይበላሻል ብዬ አስጠነቀቅኩ።

አባቴ በሬውን ከማጉረስ ሳያቋርጥ ሰማኝ። "እኛ ከሷ ቅቤ እንጠብቃለን፣ አንቺ እሷን ቅቤ ልትቀቢያት ነው?" አለ።

እናቴ ግን አመነችኝ፤ ከልክ በላይ አመነችኝ። ሁለት እፍኝ ያልኩትን አራት አደረገችውና ላሟ ሦስት ቀን ሙሉ ግድግዳውን ለቀለቀችው። እናቴ ስልክ ደውላ "ሳይንስሽ ወጣ" አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ልኩን ያዘች። ዱቄቱን አገዳ ላይ ስትበትነው ዶሮዎቹ ይለቅሙታል፣ የቀረውን በሬው በረጅም ምላሱ ይሰርቃል። ስለዚህ በስኳር ድንች ቅጠል እየጠቀለለች በእጇ ታጎርሳት ጀመር። ፍልሰታ ገባ። ቤተሰቡ ሁሉ ተልባ በጥብጦ ሲጠጣ ከረመ፤ ከሁሉም የተሻለው ድርሻ ግን የዳለቻዋ ነበር። ጎኗ ሞላ፣ ፀጉሯ ማብረቅረቅ ጀመረ።

እኔ ያላሰብኩት አንድ ነገር ነበር። በእኛ ሰፈር በእጅ የሚጎርስ ከብት የሚታረድ ከብት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ያልተማረ ሕፃን የሚያውቀውን ነው እኔ ተምሬ የረሳሁት። የሰፈሩ የቅርጫ ማኅበርተኞች እናቴን ላም ስታጎርስ አዩና ተደሰቱ። ሽማግሌያቸው አባቴ ጋ መጥተው "ዘንድሮማ ከገበያ አንገዛም" አሉት። አባቴም ላሟ መካን፣ በሬው ደግሞ ሶዶ ገበያ ወስዶ የሚኮራበት ስለሆነ እሺ አለ።

እናቴ ደወለችልኝ። "ላሜን ሊያርዷት ነው" አለች። "ያልሽኝን ነው ያደረግሁት።"

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በመስቀል ዕለት በጠዋት ደረስኩ። ኮባ ቅጠል ተነጥፏል፣ ቢላ ይሳላል፣ አሥር ወንዶች ዳለቻዋን ከበዋታል። እሷ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲመጣ ሊያጎርሳት እንደሆነ ስለለመደች ምላሷን እያወጣች ወደ እያንዳንዳቸው ትዘረጋለች። ቢላ የያዘውን ሰውዬ እጅ ላሰችው። እናቴ ከቤቱ ጥግ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች።

"እርጉዝ ብትሆንስ?" አልኩ። አፌ ነው ቀድሞ የተናገረው።

ቢላ መሳሉ ቆመ። እርጉዝ ላም ማረድ ነውር ነው። እቤት የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ ሽማግሌው ግን ጉዳዩ የቢሮ ስለመሰላቸው ሴቱን ሁሉ ወንድ ወደሚያደርገው አማርኛቸው ዞሩ። "እንግዲያው ዶክተር እይ። ላሙ አርግዞ ከሆነ አንነካውም።"

ሳሙናና ውሃ ተሰጠኝ። እንዲህ ዓይነት ምርመራ በትምህርት ቤት ሁለት ጊዜ ሞክሬያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሳስቻለሁ። እጄን ከተትኩ። ያገኘሁት ሙቀትና እበት ነው። እዚያው ቆሜ እንደሚያዳምጥ ሰው ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ለምን እንደጨፈንኩ አላውቅም፣ ብቻ ምሁር ያስመስላል።

"ሦስት ወር ሆኗታል" አልኩ።

አባቴ ረጅም ጊዜ አየኝ። ቀጥሎ ወደ ቤቱ ጥግ አየ። ከዚያ "በሬውን ፍቱ" አለ። ስምንት ወር ያጎረሰውን በሬ። ለማረድ ሲጥሉት ወደ ጓሮ ሄደ። ድርሻዬ ጥሬ ሥጋ ቀረበልኝ፣ እያፈርኩ በላሁ። ጣፋጭ ነበር፤ ምን ላድርግ?

ከዚያ በኋላ ፍርሃት ገባኝ። ከሰፈራችን በላይ ያለው ተራራ ደን እንዲሆን ከተከለለ ወዲህ ከብት አይለቀቅም፤ ዳለቻዋ እደጅ ታስራ ነው የምትውለው። ኮርማ ከየት ይመጣል? በጥምቀት ሰሞን አገር ቤት ስሄድ ወላጆቼ ቤተክርስቲያን እስኪሄዱ ጠብቄ እንደገና እጄን ከተትኩ። በአራተኛ ሙከራዬ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘሁት፤ ትንሽ ኳስ የሚያህል፣ ውሃ የቋጠረ ነገር። እርጉዝ ናት። ግን እኔ ባልኩት ቢቆጠር ሰባት ወር ሊሞላት ነበር፤ ይኼ ሦስት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። እጄን ታጥቤ ዝም አልኩ።

መጋቢት አለፈ። ሚያዝያና ግንቦትም አለፉ። ጎረቤቱ "ዝሆን ነው እንዴ ያረገዘችው?" እያለ መሳቅ ጀመረ። እኔ አገር ቤት መሄዴን ተውኩ። አባቴ "የተማረ ሰው ያየው እርግዝና ነው፣ ቆይቶ ነው የሚመረቀው" ብሎ ይመልስላቸው እንደነበር እናቴ በስልክ ነገረችኝ። ሁለት ወር ሲቀራት ነው ብዬ ተልባውን በድጋሚ የላክሁት በጥምቀት ካወቅሁት ወር ቆጥሬ ነው፤ ማንም ወሩን አልጠየቀኝም።

ሐምሌ ሊያልቅ ሲል፣ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ የጣለበት ጠዋት ወለደች። ከሰዓት በፊት ደረስኩ። ጥጃዋ እናትዋ ሥር ቆማ እየገፈተረች ትጠባለች፤ ዳለቻ፣ ሴት። እናቴ ጥጃዋን በጆንያ እያሸች ብቻዋን ትስቃለች። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቶ ነበር፤ ደስ አለኝ፣ አፈርኩም።

አባቴ በርጩማው ላይ ነበር፤ በሬው በሌለበት፣ ላሟ አጠገብ። ጣቶቹን አወጣ። "ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ" እያለ እስከ ሐምሌ ቆጠረ።

"በመስቀል ባዶ ነበረች" አለ።

"ታውቅ ነበር?"

"የማስራት እኔ ነኝ። ክረምቱን ሙሉ ከችካሏ አልተፈታችም። ሳይንስሽ ከኮርማው ቀድሞ ነው የደረሰው።"

"ታዲያ በሬውን…"

"እናትሽን አላየሻትም እንዴ?" አለ። ሌላ ምክንያት አልጨመረም።

የቀረውን ቀስ እያለ ነገረኝ። በጥቅምት አንድ ንጋት ዳለቻዋ ኮርማ ፍለጋ መጮህ ጀመረች። "አርግዛለች" የተባለች ላም ስትጮህ ሰፈሩ ቢሰማ ልጁ ውሸታም ልትባል ነው። ተነስቶ ተልባ በቅጠል እየጠቀለለ አፏ ውስጥ ከተተ። እንዳትጮህ መንገዱን ሙሉ እያጎረሰ፣ ከተከለለው ተራራ ማዶ፣ ማንም የማያውቀን ቀበሌ ድረስ ወስዶ ከኮርማ አገናኛት። ለእናቴ "ውሃ ላጠጣት" ነው ያላት። ላም ማጉረስ የጀመረው ያን ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ አላቆመም።

ይህን እያወራኝ እጁ እየጠቀለለ ነበር። ላሟን አንድ አጎረሳት። ሁለተኛውን ወደ እኔ ዘረጋ። የሚቀልድ መሰለኝ፤ እጁን ግን አልመለሰም። አፌን ከፈትኩ።

ፎቶ የሚያነሳ ሰው አልነበረም። ተልባና የስኳር ድንች ቅጠል ነው፤ ጨው ያንሰዋል።