ፎቶ ያላነሳሁት ሽፋን

ደብረ ብርሃን አዋላጅነት ስማር፣ መምህራችን የጻፉት የማዋለድ መማሪያ መጽሐፍ ቤተ መጻሕፍታችን ውስጥ ሁለት ቅጂ ብቻ ነበር። አንዱ ጠፋ። ለቀረው አንድ መጽሐፍ ስድሳ ተማሪዎች ወረፋ እንይዛለን። ይዞ መውጣት ክልክል ነው፤ ገበያ ላይም አይገኝም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት መስኮት ሥር ተቀምጬ፣ ጣቶቼ በብርዱ እስኪደነዝዙ ገጽ በገጽ ፎቶ አነሳሁት። ፒዲኤፍ አድርጌ ለክፍላችን ግሩፕ ለቀቅኩት። ሰኞ ሁሉም በስልኩ ይዞት መጣ። ኮራሁ እንጂ አልጸጸተኝም።

ሐሙስ መምህሩ በፕሮጀክተር ከፒዲኤፉ አንድ ገጽ አሳዩን። ጥጉ ላይ ጠባሳ ያለበት አውራ ጣት ይታያል።

«ይህ ጣት የማን ነው?»

ተነሣሁ። «የእኔ ነው፣ መምህር።»

«ስድስት ዓመት የለፋሁበትን ሰረቅሽኝ?»

«አልሰረቅኩም። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ነው። እርስዎ የጻፉት እንድናነበው አይደል? ማንበብ አቅቶን ነው።»

ከኋላ ሳቅ ሰማሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«እሺ አንብቡት። ስሜ የታለ?»

ሽፋኑን የተውኩት አውቄ ነው። ስማቸውን እያየሁ ፎቶ ማንሳት ከብዶኝ፣ ስም ከሌለው የማንም አይደለም ብዬ ራሴን አታልዬ ነበር።

«ስምዎን ስላስቀረሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «ለሌላው ግን ይቅርታ አልጠይቅም።»

«አጥፊው!»

«እኔ ባጠፋው ስድሳው ልጅ ጋ አለ።»

ከክፍል አስወጡኝ። በማግስቱ ቢሮ ተጠርቼ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ ፈረምኩ። ከቢሮው ወጥቼ በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍቱ ሄድኩና ሽፋኑን ፎቶ አነሳሁ። ከፊት አስገብቼ፣ መጽሐፉን ከነስማቸው እንደገና ለቀቅኩት። እሳቸውም ሳያዩት አልቀሩም፤ ዳግመኛ ግን አልጠሩኝም።

አሁን ከአንኮበር በታች፣ አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ እሠራለሁ። የአሊዩ አምባ ገበያ ቀን እናቶች ይበዙብናል፤ ኔትወርክ ደግሞ ይጠፋል። ግራ የገባኝን ከስልኬ አነባለሁ። ባለፈው አዲስ የተመደበች አዋላጅ መጽሐፉን አይታ፣ «ላኪልኝ፤ ግን ሕጋዊ ነው?» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት። «ልተወው?»

ስልኳን ዘረጋችልኝ።