የጀልበኛው ቀልድ ከዴን ሃግ እስከ አዳማ

ይመኙሻል ሆላንድ፣ ዴን ሃግ ከተማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ትሠራ ነበር። ክፍሉ ምድር ቤት ስለሆነ በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው እግርና የብስክሌት ጎማ ብቻ ነው። የሥራ ጓደኛዋ ቫሳንታ ከስሪላንካ፣ ከጃፍና የመጣች ታሚል ናት። የሚግባቡት በተሰባበረ ደችኛ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ጠዋት የትልቁ ማሽን ቱቦ ወለቀና ውሃው ወለሉን አጥለቀለቀው። ኃላፊያቸው ደረጃውን እየሮጠ ወርዶ ሲጮህ፣ ቫሳንታ መወልወያዋን እንደ መቅዘፊያ ይዛ በታሚልኛ አንድ ነገር ተናገረች፤ ከዚያ ብቻዋን መሳቅ ጀመረች። ሰውዬው ግራ ገብቶት ቧንቧ ሠሪ ሊጠራ ወጣ።

«ምን ብለሽው ነው?» አለች ይመኙሻል።

«ጀልባው ደህና ነው፤ ያስቸገረው ውሃው ነው።»

ነገሩ ከአንድ የቆየ የታሚል ፊልም የመጣ ነው። አንድ ወፍራም ጀልበኛ ሙሽራና ሚዜዎቿን ያሻግራል። ጀልባው ተሸንቁሮ ውሃው ጉልበታቸው ሲደርስ ሁሉም ይጮኻሉ። እሱ ግን መቅዘፉን ሳያቆም ይህንኑ ይናገራል። በቫሳንታ አገር ፈተና የወደቀ ተማሪም፣ አውቶቡሱ የተበላሸበት ሹፌርም፣ አማቷ የተቆጣቻት ምራትም «ጀልባው ደህና ነው» ይላሉ። አሁን ደግሞ ሰዉ የጀልበኛውን ፊት እየቆረጠ፣ ጽሑፍ እየጨመረ በስልክ ይላላከዋል። የቫሳንታ ስልክ በእነዚህ ሥዕሎች የተሞላ ነበር። የሚልክላት ቶሮንቶ የሚኖረው ወንድሟ ነው፤ በአገራቸው የእርስ በርስ ጦርነት ከተለያዩ ወዲህ አልተያዩም።

«ናፈቅከኝ ብዬው አላውቅም» አለች ቫሳንታ ውሃውን እየጠረገች። «ካልኩት ሁለታችንም እናለቅሳለን። ስለዚህ ጀልበኛውን እልክለታለሁ።»

ይመኙሻል ታናሽ እህቷ አበባይሽ ትዝ አለቻት። አዳማ ልጆች ሳሉ ቪዲዮ ቤት ገብተው የህንድ ፊልም ያዩ ነበር። ቋንቋውን ማንም አያውቀውም። አበባይሽ ግን ለሰፈሩ ልጆች ከራሷ እየፈጠረች ታስተረጉም ነበር፤ የሚያለቅሰውን አባት «ሽሮው ጨው በዛበት እያለ ነው» ስትላቸው ቤቱ በሳቅ ይፈርስ ነበር። እናታቸው ስትሞት ይመኙሻል የመኖሪያ ፈቃድ እየጠበቀች ስለነበር ለቀብር አልሄደችም። አበባይሽ በስልክ «አፈር ያለበስኳት እኔ ብቻዬን ነኝ» አለቻት። ከዚያ በኋላ ለበዓል ካልሆነ አይደዋወሉም። ሲደዋወሉም «ደህና ነሽ?» «ደህና» ብቻ ሆነ።

«አንድ ፎቶ አንሺኝ» አለች ይመኙሻል። ጎማ ባለው የልብስ ጋሪ ውስጥ ገብታ መወልወያውን ያዘች። ቫሳንታ አነሳቻት። ይመኙሻል ፎቶው ላይ «ጀልባው ደህና ነው፤ ያስቸገረው ውሃው ነው» ብላ ጽፋ ለእህቷ በቫይበር ላከችው።

አበባይሽ አየችው፤ አልመለሰችም። ይመኙሻል ትራም ላይም፣ ሥራ ላይም፣ ቤተ ክርስቲያንም ስልኳን ከእጇ አላወጣችም። «ምነው ባልላክሁት» እያለች ሳምንቱ አለቀ። ከዚያ አንድ ፎቶ መጣ። አበባይሽ ባዶ በርሜል ውስጥ ቆማ፣ ቢጫ ጀሪካን ታቅፋ፣ ዓይኗን አፍጥጣለች። ከሥሩ «ጀልባው ደህና ነው፤ የጠፋው ውሃው ነው» ይላል። አዳማ ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። ይመኙሻል የታጠፉት አንሶላዎች ላይ ተደግፋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ቀጥሎ የድምፅ መልእክት ገባ።

«እታለም፣ እኔ ግን ደህና አይደለሁም።»

ወዲያው ደወለችላት።

ፎቶውን አበባይሽ ለጎረቤቷ፣ ጎረቤቷ ለዘመዷ ላከች። በሰፈሩ መብራት ሲጠፋ፣ ታክሲ ሲጠፋ «ጀልባው ደህና ነው» የሚል በዛ። የታሚሉን ፊልም ግን ያየ አንድም ሰው አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት አንድ እሑድ፣ ሮተርዳም ባለው የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ከአምልኮ በኋላ፣ ሄርሜላ የምትባል የመዘምራን አባል ስልኳን ይዛ መጣች።

«ይመኙሻል፣ ይቺን ሴትዮ አየሻት? በሳቅ ልትገድለን ነው!»

በርሜሉ ውስጥ አበባይሽ ቆማለች። ጽሑፉን አንድ የማይታወቅ ሰው ለውጦ ስለ ደመወዝ አድርጎታል። አብረዋት ያሉት ወጣቶች ሁሉ ይስቃሉ። ይመኙሻልም ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ።

«እህቴ ናት» አለች።

«አትቀልጂ!»

«እህቴ ናት። እስቲ ስልኩን ስጪኝ።»

ሄርሜላ ሰጠቻት። ስንቱ ሰው እጅ ውስጥ የገባች እህቷን እሷ ለመንካት አልቻለችም። ፊቷን በጣቶቿ አሰፋችው። ከቅንድቧ በላይ ያለው፣ ልጆች ሳሉ ወድቃ ያተረፈችው ጠባሳ እስኪታያት ድረስ አሰፋችው። ከወጣቶቹ አንዷ ወንበር አመጣችላት።

ፓስፖርት አግኝታ አዳማ የገባችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በአውሮፕላኑ ላይ ለእህቷ የምትለውን ቀልድ ስታዘጋጅ ነበር የመጣችው። አበባይሽ በሩን ስትከፍት ሁሉም ጠፋባት። አበባይሽ ሻንጣውን ተቀብላት ወደ ጓዳ አስገባች፤ እዚያም ትንሽ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

በማግስቱ ወደ እናታቸው መቃብር ሄዱ። ዝናቡ ሳሩን አሳድጎታል። አበባይሽ ነጠላዋን አደግድጋ ጎንበስ አለች።

«በዚያ በኩል ያለውን አንቺ ንቀይ» አለቻት።

ይመኙሻል ተንበርክካ መንቀል ጀመረች።