ከመስታወቱ ላይ የቀባሁት ቀይ

የጥፍር ቀለም ሲሸተኝ መስኮት እከፍታለሁ። ትናንት ልጄ ሳሎን ተቀምጣ ጥፍሯን ስትቀባ ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ ወጥ ቤት ድረስ መጣብኝ። የምከትፈውን ሽንኩርት ትቼ ሄጄ መስኮቱን በረገድኩት። «እማዬ ደሞ! ብርድ እኮ ነው» አለችኝ። ዘንድሮ ጥፍር በአርባ ዓይነት ቀለም ይቀባል፤ እሷ ግን መርጣ መርጣ ያንኑ ቀይ ገዝታ መጣች። ለእሷ አልነገርኳትም። ላንቺ ግን ልንገርሽ፤ ለአንድ ሰው መንገር አለብኝ።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር። የጸሐፊነት ኮርስ እንደጨረስኩ ከኢምፔሪያል ወደ ገርጂ ገባ ብሎ በሚገኝ አንድ ላውንደሪ ተቀጠርኩ። የቦሌና የአትላስ ሆቴሎች አንሶላቸውንና ፎጣቸውን የሚልኩት እኛ ጋ ነበር። ያኔ ከአጥራችን ጀርባ የስንዴ ማሳ ነበር፤ በክረምት ጭቃው ጫማሽን ይዞ ያስቀርብሻል። እኔ ግን ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ጭቃ ቢሆን ባይሆን በተረከዝ ጫማና በቀይ ጥፍር ነበር የምሄደው። ጉረኛ ነበርኩ፤ አልደብቅሽም።

አዳራሹ ሳሙና፣ የጋለ ጥጥና ናፍጣ ይሸት ነበር። ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ እንፋሎቱ ላይ ስታርፍ ደስ ይል ነበር። ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከአንድ የብረት በር ወዲያ፣ የቦይለሩ ክፍል አለ። ማጠቢያውም መተኮሻውም የሚሠራው ከዚያ በሚመጣው እንፋሎት ነው። ቦይለሩ በዕድሜ ከእኔ የሚበልጥ፣ ከአንድ የተዘጋ ፋብሪካ የተገዛ አሮጌ ብረት ነበር። ናፍጣው የሚከፈተውና የሚዘጋው በእጅ ስለሆነ ሁልጊዜ አንድ ሰው አጠገቡ ቆሞ የግፊቱን መለኪያ፣ ጌጁን ማለቴ ነው፣ ማየት ነበረበት።

ያ ሰው ጋሼ ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ ነበር የምንላቸው። ካኪ ካፖርታቸውን ሐምሌ ከጥር አያወልቁም። መዳፋቸውን ከቦይለሩ ሆድ ላይ ለጥፈው እንደ ሕመምተኛ ሲያዳምጡት ያየ ሰው ሐኪም ይመስሉታል። ለሁሉም ኮስታራ ነበሩ፤ ለእኔ ግን ከምሳቸው ላይ ቆሎ ያስቀሩልኝ ነበር። አባቴን በልጅነቴ ስለቀበርኩ ነው መሰለኝ፣ እወዳቸው ነበር።

ዓይናቸው እንደደከመ ያወቅሁት በመግቢያ ፊርማ ወረቀት ነው። አንድ ጠዋት ወረቀቱን ወስጄላቸው በዘበኛው ስም ትይዩ ፈረሙ። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የዘበኛው ቦታ ነው» ስላቸው ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዝም በይ የኔ ልጅ። ካወቁ ያሰናብቱኛል። ትንሿ ልጄ ገና ስምንተኛ ክፍል ናት።»

ዝም አልኩ። ዝም ማለት ያኔ ደግነት መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ አሮጌው ጌጅ ተሰበረና ሌላ ተገጠመ። የአዲሱ ቁጥሮች ደቃቅ ናቸው። ጋሼ ሁለት ቀን ፊታቸው ጠቁሮ ሰነበቱ፤ በሦስተኛው ቀን እጄን አይተው «ይሄን ቀለም ይዘሽዋል?» አሉኝ። ከቦርሳዬ አወጣሁት። የሳሙና ካርቶን ላይ ወጣሁ፣ ቁጥሮቹን እያነበብኩ ሰባት ጋ ስደርስ «እዚያ ጋ! ከሰባት ማለፍ የለበትም» አሉ። ትንፋሼን ይዤ በትንሿ ብሩሽ ከመስታወቱ ላይ ቀጭን መስመር አሰመርኩ። በሞቃቱ ክፍል ውስጥ ሽታው ጭንቅላት ይመታ ነበር። ጋሼ ወደ ኋላ ሦስት እርምጃ ሄደው አዩትና ፈገግ አሉ። «ቁጥሩን ተዪው። ቀዩን ካየሁ ይበቃኛል።»

ሲደበዝዝ አድስበታለሁ ብለው ጠርሙሷን እሳቸው ጋ አስቀሯት፤ ከካፖርታቸው የደረት ኪስ ከተቷት። እኔ ሌላ ገዛሁ፣ ያንኑ ቀይ።

ከወር በኋላ ተቆጣጣሪዋ መጣች። የማሽኖችን ደህንነት እንድታይ ከመንግሥት የተላከች፣ ጠፍጣፋ ጫማ ያደረገች፣ የእጅ ባትሪ የያዘች ሴት ናት። ሥራ አስኪያጃችን ለስላሳ አስመጣላት፤ አልነካችውም። ማስታወሻ እንድይዝ እኔንም አስከተለኝና ወደ ቦይለሩ ክፍል ገባን።

ግፊት ሲበዛ በራሱ ተከፍቶ እንፋሎት የሚያስተነፍስ ቫልቭ አለ። ተቆጣጣሪዋ ማንሻውን ብትጎትት ብትጎትት ንቅንቅ አላለም። «ዝጓል» አለች። «ይሄ ካልሠራ እኮ ይህን ቤት የሚጠብቀው የሰው ዓይን ብቻ ነው።» ይህን ብላ ወደ ጋሼ ዞረች።

«አባቴ፣ አሁን ስንት ይላል?»

ጋሼ ወደ ጌጁ ዞሩ። ዓይናቸውን አጥብበው ቀረብ አሉ። እኔ ከተቆጣጣሪዋ ጀርባ ነኝ፤ ሳላስበው እጄን አንስቼ አምስት ጣቴን ዘረጋሁ። ቁጥሩ ባይታያቸውም ቀይ ጥፍሮቼ ታዩዋቸው። «አምስት» አሉ ኮራ ብለው። እሷም በባትሪዋ አብርታ አየችና አምስት መሆኑን ጻፈች። በሆዴ እልል አልኩ። ዛሬ ያቺን እጄን ሳስባት ማን በቆረጣት እላለሁ።

ከዚያ መስመሩን አየችው። «ይሄን ማን ቀባው?»

«ምልክቴ ናት» አሉ ጋሼ።

«ምልክት የሚደረገው ከቁጥሩ ሰሌዳ ላይ ነው እንጂ ከመስታወቱ ላይ አይደለም። መስታወት ይዞራል።»

ጋሼ ሳቁ። «እመቤቴ፣ ይሄ መስታወት ከተገጠመ ወዲህ ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።»

«እስካሁን» አለች። ቫልቩ እንዲቀየር፣ ምልክቱም ሰሌዳው ላይ እንዲሆን በሃያ ቀን አስተካክላችሁ በደብዳቤ አሳውቁ ብላ ሄደች።

ሃያኛው ቀን ሲደርስ ቫልቩ አልመጣም፤ ከውጭ ነው የሚመጣው ተባለ። ጌጁን ለመፍታት ደግሞ ቦይለሩ ቀዝቅዞ መዋል አለበት፤ ሆቴሎቹ በስብሰባ እንግዳ ተጨናንቀው አንሶላ አንሶላ እያሉ ይጮሃሉ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቶኝ ክራቫቱን እያላላ አስጻፈኝ። «በተሰጠን መመሪያ መሠረት ሁሉም ተስተካክሏል።»

«ግን እኮ ገና ነው» አልኩት።

«ሲመጣ እንቀይረዋለን። አንቺ ጻፊ፣ ወረቀቱ ይቅደም።»

ጻፍኩት። ማኅተሙንም የመታሁት እኔ ነኝ። በታይፕ ከጻፍኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉ እንደዚያ ንጹሕ የወጣ አላስታውስም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት ጥሩ አልነበሩም። የቦይለሩ ድምፅ ተለወጠ፤ ከማጓራቱ ሥር አንድ ቀጭን ፉጨት ይሰማል። ከወሎ የመጡት ልብስ ተኳሽ ሴትዮ ካውያቸውን አስቀምጠው ያዳምጡና «ዛሬስ ያቃስታል፣ አላህ ይጠብቀን» ይላሉ። ቆርቆሮው ላይ ሙቀት ፈልገው የሚያድሩት እርግቦች ሳይቀሩ ወደ ጎረቤት መጋዘን ተዛወሩ። ጋሼ መዳፋቸውን ለጥፈው ብዙ ይቆያሉ። «ቫልቩ መቼ ይመጣል?» ሲሉኝ «ሊመጣ ነው» እላለሁ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የፊርማውን ወረቀት ይዤላቸው ገባሁ። «መስታወቱ ጥላሸት ለብሷል መሰለኝ፣ ቀዩም ደብዘዝ አለብኝ። እስቲ ጥረጊልኝ» አሉኝ። ካርቶኑ ላይ ወጥቼ በመሐረቤ ጫን ብዬ እያዞርኩ ጠረግሁት። መስታወቱ ከጣቴ ሥር እንደ ማርማላታ ክዳን ሸርተት አለ። ቀና ብዬ አየሁ። ቀዩ ከሰባት ለቆ ዘጠኝ ላይ ቆሟል።

አየሁት፣ ትሰሚኛለሽ? አላየሁም ብዬ ለሌላ ሰው ነግሬ ይሆናል፤ ግን አይቻለሁ። «ጋሼ» ልል አፌን ስከፍት ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ብቅ አለ። «ስልክ! ከሆቴሉ ነው፣ ሩጪ!» ተመልሼ አስተካክለዋለሁ አልኩ በልቤ። ጋሼ «አሁን ጠራ፣ ተባረኪ» ሲሉኝ በሩ ላይ ደርሼ ነበር።

በስልኩ ያለችው ሴት የጠረጴዛ ጨርቅ ጎድሏል ባይ ናት። እኔ አልጎደለም አልኩ። መዝገብ ገለጥኩ፣ ተከራከርኩ፣ ማሸነፍ ፈለግሁ። ከዚያ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ፤ ድምፁ ተከትሎ መጣ። ስንወጣ አዳራሹ ነጭ ሆኗል፤ ሴቶቹ እየጮኹ ወደ ማሳው ይሮጣሉ። ዋናው ቧንቧ ከመጋጠሚያው ተበጥሶ ነበር። ጋሼ መውጣት ይችሉ ነበር አሉ ያዩት። እሳቸው ግን እንፋሎቱ ወደ ሴቶቹ እንዳይመጣ የብረቱን በር ከውስጥ ስበው ዘጉና ናፍጣውን ሊዘጉ ተመለሱ። ዘጉትም። ከእሳቸው በቀር አንድም ሰው አልተነካም።

በሳምንቱ ተቆጣጣሪዋ ተመልሳ መጣች። ደብዳቤዬን ይዛለች። ሥራ አስኪያጁ ቫልቩን አስተካክለን ነበር፣ ጥፋቱ የሰውዬው ነው፣ ማየት እንደማይችል ደብቆን ነበር እያለ ያስረዳታል። ከቦይለሩ የተፈታውን ጌጅ ከጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችና ጠየቀችኝ።

«ይሄ ምልክት ቧንቧው ከመበጠሱ በፊትም ዘጠኝ ላይ ነበር?»

ሥራ አስኪያጁ ያየኛል። እናቴና ሁለት ታናናሾቼ የሚበሉት ከእኔ ደመወዝ ነበር። ይህን ለመጽናኛ ነው የምነግርሽ፤ አያጽናናኝም።

«አላስተዋልኩም» አልኩ።

ጌጁን አየች፤ ቀጥላ ታይፑ ላይ የተዘረጉትን ጣቶቼን አየች። አንድ ዓይነት ቀይ ነው። ከዚያ ደብተሯን ዘግታ ተነሳች፤ ምን እንደጻፈች እስከ ዛሬ አላውቅም። ያን ዕለት ማታ ጥፍሬን በምላጭ ፋቅሁት።

ጋሼ ከሆስፒታል ሲወጡ ሾላ ገበያ ጀርባ ካለው ቤታቸው ልጠይቃቸው ሄድኩ። ብርቱካን ይዣለሁ። ከደጅ የበርበሬና የገበያ ጫጫታ ይገባል፤ ውስጡ ጨለም ብሎ ቅባትና ፋሻ ይሸታል። ትንሿ ልጃቸው ጥግ ላይ ተቀምጣለች፤ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ሁለቱም እጃቸውና ግማሽ ፊታቸው ተሸፍኗል። ድምፄን ሲሰሙ ቀና ለማለት ሞከሩ።

«መጣሽ የኔ ልጅ። እንኳን መጣሽ፤ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «እኔ ያየሁት ቀዩ ጋ አልደረሰም ነበር። በልጄ እምላለሁ፣ ገና ነበር። እነሱ ግን ከሰባት አልፎ ነበር ይላሉ። አንቺ ዓይንሽ ደህና ነው። ቀዩ ጋ ደርሶ ነበር እንዴ?»

ልጅቷ ታየኛለች። አንዲት ቃል ነበረች የምትፈለገው።

«አዎ ጋሼ» አልኳቸው። «አልፎ ነበር።»

ከደጅ አንዱ ነጋዴ ሽንኩርት እያለ ይጣራል። «እንግዲያ ዓይኔ ነው የከዳኝ» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ነኛ ጥፋተኛው። እናንተን ልፈጃችሁ ነበር።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረው «ከካፖርቴ ኪስ የእህትሽን ዕቃ አምጪላት» አሏት። ልጅቷ ጠርሙሷን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። አልተሰበረችም፤ ክዳኗም ጥብቅ እንዳለ ነው። «ሰው እጅ እንዳይቀርብሽ ብዬ ነው» አሉኝ።

ይማርዎት ብዬ ወጣሁ። ሁለተኛ አልሄድኩም። በሁለተኛው ክረምት ማረፋቸውን የነገሩኝ ተኳሿ ሴትዮ ናቸው፤ እስከ መጨረሻው፣ ለጠየቃቸውም ላልጠየቃቸውም፣ «ዓይኔ ነው፣ ዓይኔ ነው» ይሉ ነበር አሉ።

ጠርሙሷ ቁም ሣጥኔ ውስጥ አለች። ደርቃለች፤ ልጥላት አነሳትና እመልሳታለሁ። ትናንት ልጄ ሁለቱን እጆቿን ዘርግታ እያናፈሰች «እማዬ፣ አንቺንም ልቀባሽ?» አለችኝ። እጄን ከሽርጤ ሥር ደበቅሁ። ወደተከፈተው መስኮት ዞሬ፣ እሷ እንዳትሰማኝ ቀስ ብዬ፣ ያኔ መናገር የነበረብኝን ተናገርኩ። አልደረሰም ነበር ጋሼ። ዓይንዎ ትክክል ነበር።